ማቆሚያው በማን እጅ ነው?

የ1997 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀመር በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ አንድ አዲስ መምህር ተተክሎ ተገኘ። ደመወዝ አይጠይቅም፤ አይታመምም፤ ጠመኔ አይጨርስም። ተማሪው ቴሌቪዥኑን «ፕላዝማ» አለው፣ ስሙም በዚያው ጸና። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተሠርቶ፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት እየተሠራጨ፣ በአንድ ሰዓት በአንድ ደቂቃ በየክልሉ ይደርሳል። የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ በባሕር ዳርም በአርባ ምንጭም እኩል ይጀምራል፤ እኩል ያልቃል።

ያን ጊዜ በዚያ ክፍል የተቀመጠ ሰው ነገሩን አይረሳውም። ስልሳ ሰባ ተማሪ ሦስት ሦስት ሆኖ ተጣብቆ ተቀምጧል። መምህሩ ይገባል፣ የዕለቱን ርዕስ ይጽፋል፣ ያለፈውን በሁለት ቃል ሊያስታውስ ሲል ስክሪኑ ይበራል። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ የእሱ አይደለም። ከአርባ ደቂቃ ገደማው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ የሚተርፉት መግቢያና መውጫ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። አቅራቢዋ ለጆሮ ባዳ በሆነ የእንግሊዝኛ አነጋገር ትፈጥናለች። ቀመር ይመጣል፣ ሥዕል ይመጣል፣ ጥያቄ ይመጣል። «ሥሩ» ተብሎ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፤ ተማሪው ጥያቄውን ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሳይጨርስ ግን መልሱ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል። ማን አገኘው? ማን ሳተው? ስክሪኑ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መምህሩ ቢያውቅም ምንም አያመጣም፤ «አንዴ ቆዪ» የሚላት ሴትዮ አገር አቋርጣ ያለች፣ ያውም ተናግራ ከጨረሰች የሰነበተች ናት። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ሄደ።

በፕላዝማ ላይ ብዙ ተብሏል። ቋንቋው ይከብዳል፣ ፍጥነቱ በዝቷል፣ መምህሩን ስክሪን አብሪና አጥፊ አድርጎታል የሚለው ቅሬታ ገና ከጅምሩ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ የአውስትራሊያ የትምህርት ቴክኖሎጂ መጽሔት ላይ የወጣ የኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ጥናትም ይህንኑ መዝግቦታል። ሁሉም እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ሙሉ አይመስለኝም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የተማረ ስንቱ ልጅ ነው አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ ቀለም ሲለወጥ በመጀመሪያ በፕላዝማ ያየው! ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ አንዳንዴም መጽሐፉ ፈጽሞ ሊያሳየው የማይችለውን ያሳይ ነበር። ቋንቋውና ፍጥነቱ ይበልጥ ያቆሰሉት ሌላ ነገር ስለጎደለ ነው፤ ማቆሚያ። ያልገባውን ቃል ለማስረዳት፣ የሳተውን ለማረም፣ «እስቲ ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያቆም እጅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ይህን በእርግጠኝነት እንድል የሚያደርገኝ ከፕላዝማ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ በካሊፎርኒያ የተደረገ አንድ ነገር ነው።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርቱን በአካባቢው ላሉ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሠራተኞች በቴሌቪዥን ያሠራጭ ነበር። ሳንታ ሮዛ በምትባለው ከተማ የነበሩት የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲሶች ግን ከሥርጭቱ ክልል ውጭ ሆኑ። ጄምስ ጊበንስ የተባለው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር መላ ዘየደ። በዩኒቨርሲቲው ክፍል ውስጥ የተሰጠው ትምህርት፣ ከነሳሉ ከነማስነጠሱ፣ ሳይቆረጥና ሳይዋብ በቴፕ ይቀረጻል፤ ቴፑ ወደ ሳንታ ሮዛ ይላካል። እዚያ ጥቂት መሐንዲሶች በአንድ ክፍል ይሰበሰቡና ያዩታል። አብሯቸው አንድ አስጠኚ ይቀመጣል። አስጠኚው ፕሮፌሰር አይደለም፤ የዚያው የኩባንያው ባልደረባ ነው። ሥራው ቴፑን ማቆም ነው። አንዱ ግንባሩን ሲቋጥር ያቆማል፤ አንዱ «ቆይ» ሲል ያቆማል፤ ማንም ምንም ሳይል ሲቀርም ያቆምና «ይህችን መስመር ከየት አመጣት?» ብሎ ይጠይቃል። ተነጋግረው ሲጨርሱ ቴፑ ይቀጥላል።

ጊበንስና ባልደረቦቹ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1977 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። እነዚህ ቴፕ እያቆሙ የተማሩት መሐንዲሶች ስታንፎርድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ፕሮፌሰሩን በአካል ከሰሙት ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አመጡ። ልብ በሉ፤ ትምህርቱ ያው ነው፣ ፕሮፌሰሩ ያው ነው፣ ፈተናውም ያው ነው። በቴፕ ያዩት በአካል ካዩት በለጡ። ክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ፕሮፌሰሩን በየደቂቃው ሊያስቆም አይደፍርም፤ ሳንታ ሮዛ ያለው ግን ይደፍራል፤ ቴፕ አይቆጣማ።

ስለ ቪዲዮ ትምህርት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ቪዲዮው ነው። ጥራቱ፣ ርዝመቱ፣ አኒሜሽኑ፣ የአቅራቢው ፊት ይታይ አይታይ። ስለ ተመልካቹ የሚጻፈው ግን «ትኩረት ይስጥ» ከሚል ምክር ብዙም አያልፍም። ትኩረት መስጠት ብቻውን መማር እንዳልሆነ ያሳየኝ ደግሞ አንድ የአውስትራሊያ የዶክትሬት ሥራ ነው።

ዴሪክ ሙለር ዛሬ «ቬሪታሲየም» በተባለው የዩቲዩብ ቻናሉ ይታወቃል። ከዚያ በፊት ግን በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት በቪዲዮ እንዴት ይሰጥ የሚለውን ያጠና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ጨረሰው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ የሚያስረዱ ቪዲዮዎችን አዘጋጀ። አንደኛው ዓይነት ጥርት ያለ ማብራሪያ ነው። ትክክለኛው ፊዚክስ ብቻ፣ በግልጽ ቋንቋ፣ በጥሩ ሥዕል። ተማሪዎቹ ወደዱት፤ ግልጽ ነው፣ ለመረዳት ይቀላል አሉ። ከማየታቸው በፊትና ካዩ በኋላ ሲፈተኑ ግን ውጤታቸው ፈቀቅ አላለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ዓይነት የሁለት ሰዎች ጭውውት ነው። አንደኛው ብዙ ተማሪ የሚያስበውን የተሳሳተ ሐሳብ በድፍረት ይናገራል፤ ሁለተኛው እየጠየቀ ያፋጥጠዋል። ይህን ያዩት ተማሪዎች ግራ ያጋባል ብለው አጉረመረሙ። በፈተናው ግን ውጤታቸው ወደ እጥፍ ተጠጋ።

ምክንያቱ ቀላል ግን ጭካኔ ያለበት ነው። ተማሪው ወደ ቪዲዮው ባዶውን አይመጣም። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ የራሱ ማብራሪያ አለው። ጥርት ያለው ቪዲዮ ሲናገር ተማሪው የሚያውቀውን የሚነግረው ይመስለዋል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ የራሱ ስህተት እንደተቀመጠ ይቀራል። እንዲያውም «ገብቶኛል» የሚለው እምነት ይጨመርበታል። ከዕውቀቱ ይልቅ መተማመኑ አደገ ማለት ነው።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ማይክል ካርዳስና ኤድ ኦብራየን ይህንኑ መተማመን ብቻውን ነጥለው መረመሩት፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ሳህንና ብርጭቆ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ልብሱን መንጭቆ ዕቃውን እንዳለ የሚያስቀር ሰው አለ አይደል? ያንን የሚያሳይ ቪዲዮ ለአንዳንዱ አንዴ፣ ለአንዳንዱ ሃያ ጊዜ አሳዩ። ሃያ ጊዜ ያየው «እኔም እችለዋለሁ» አለ። ቀስት ውርወራና «ሙንዎክ» የተባለውን የማይክል ጃክሰንን እርምጃ ያዩትንም በተግባር ፈተኗቸው፤ ደጋግሞ ማየት እርግጠኝነቱን እንጂ ችሎታውን አልጨመረውም። የእንጀራ አጋገር ቪዲዮ አሥር ጊዜ አይቶ ምጣድ ላይ የቀረበ ወጣት ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ወደ አራት ኪሎ እንሂድ። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከተማሪ የማይጸዳ ስፍራ ነው፤ የመልቀቂያ ፈተና ሲቃረብማ ይብሳል። ፈተናው ቀልድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። እነዚህ ቁጥሮች በየቤቱ ምን እንዳደረጉ ወላጅ ሁሉ ያውቃል። አስጠኚ መቅጠር የቻለ ቀጠረ፤ ያልቻለ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ዘመተ። በአማርኛ እያብራሩ ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩ ወጣት መምህራን ተከታያቸው የበዛው በዚህ ዘመን ነው።

በአብርሆት ግቢ ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን ዓይነት አንድ የጥናት ቡድን በዓይነ ኅሊናችን ቀረብ ብለን እንየው። አራት ናቸው። አንድ ስልክ በሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ቪዲዮው ስድስት ደቂቃ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ተለቆ የወረደ። ስልኩ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ማቆሚያው ግን በአንዷ እጅ ነው።

«አቁሚው፣ አቁሚው። መልሱን እንዳታሳዪን።»

ስክሪኑ ላይ ኳስ ወደ ላይ ተወርውሯል፤ ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ነው። ጥያቄው ጫፍ ላይ ሲደርስ ምን ኃይል ያርፍበታል የሚል ነው።

«ፍጥነቱ ዜሮ ነው አይደል? ስለዚህ ኃይሉም ዜሮ ነው።»

«ዜሮ ከሆነማ እዚያው ተንጠልጥሎ አይቀርም እንዴ?»

«ተው እንጂ፤ እጁ የሰጠው ኃይል ያለቀው እዚያ ጋ ነው። ስበቱና የእጁ እኩል ይሆናሉ።»

«በቃ ሁላችሁም ቀስቱን ደብተራችሁ ላይ ሣሉት። ከዚያ ነው የማስቀጥለው።»

አራት ደብተር፣ ሦስት ዓይነት መልስ። ቪዲዮው ቀጠለ፤ መምህሩ አንድ ቀስት ብቻ ሣለ፣ ወደ ታች የሚጠቁም። የአየሩ ግጭት ከተተወ ኳሱ ከእጅ ከወጣባት ቅጽበት ጀምሮ የሚያርፍበት ኃይል ስበት ብቻ ነው፤ ሲወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ሲወርድም። ቪዲዮውን ብቻውን የሚያይ ልጅ እዚህ ጋ «እሺ» ብሎ ያልፍ ነበር። ደብተሩ ላይ ወደ ላይ የሚጠቁም ቀስት የሣለው ግን አያልፍም፤ የሣለው ቀስት አፍጦ ያየዋል።

«ቆይ፣ ወደ ላይ እየሄደ ሳለ ኃይሉ ወደ ታች ነው?»

«መኪና ፍሬን ሲይዝስ? ወደ ፊት እየሄደ አይደል?»

የስድስት ደቂቃው ቪዲዮ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከሲድኒው ጭውውት ጋር ያለውን ዝምድና አንባቢ ሳያየው አይቀርም። ሙለር ስህተቱን የሚናገር ተዋናይ ቪዲዮው ውስጥ አስገባ፤ እነዚህ ልጆች ተዋናዩን ራሳቸው ሆኑት።

ሚሼሊን ቺ የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሩት ዋይሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ሥራ የተማሪን ተሳትፎ በአራት ደረጃ ከፍላዋለች። ዝቅተኛው ዝም ብሎ መቀበል ነው፤ ማየት፣ መስማት። ቀጥሎ እጅ የሚገባበት ነው፤ ማቆም፣ መመለስ፣ የተጻፈውን መገልበጥ። ሦስተኛው ቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር ከራስ ማውጣት ነው፤ መገመት፣ በራስ ቃል ማስረዳት፣ ሥዕል መሣል። ከፍተኛው ይህንኑ ከሌላ ሰው ጋር እየተሟገቱ ማድረግ ነው። ብዙ ተማሪ «ንቁ ነኝ» የሚለው ሁለተኛው ላይ ሆኖ ነው። ደብተሩ ሞልቷል፤ የሞላው ግን መምህሩ የጻፈው ነው። ፕላዝማም ከግልበጣ ያለፈ ጊዜ አልሰጠም። የቅኔ ቤት ሰው ይህን ክፍፍል ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም። እዚያ ተማሪው መምህሩ የዘረፉትን ቅኔ ሰምቶ ቢሸመድድ ተምሯል አይባልም፤ የራሱን ቆጥሮ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ነግሮ፣ ታርሞ፣ ተመልሶ ነው።

ጓደኛ የሌለውስ? አብዛኛው ተማሪ ማታ፣ ብቻውን፣ ስልክ ይዞ ነው የሚያጠናው። ለእሱ የሚሆን ጥናት አለ። ካርል ሽፑናር፣ ኖቫል ካንና ዳንኤል ሻክተር በሃርቫርድ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ነው። የ21 ደቂቃ የስታቲስቲክስ ትምህርት በአራት ከፈሉት። አንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ አጭር ፈተና ይፈተናል፤ ሌሎቹ ያዩትን መልሰው ይከልሳሉ ወይም ሌላ ሥራ ይሠራሉ። በመሐል እያስቆሙ «አሁን ሐሳብህ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። ካልተፈተኑት መልስ 41 በመቶው ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው የሚል ነበር፤ ከተፈተኑት 19 በመቶ። የተፈተኑት ማስታወሻቸውም በዛ፣ የመጨረሻ ውጤታቸውም በለጠ። የሚገርመው ፈተናው ያወቁትን ለመለካት ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ክፍል በሌላ ጆሮ እንዲያዳምጡት አደረጋቸው።

ይህን ስልኩ ላይ ማድረግ ቀላል ነው። አምስት ደቂቃ አይቶ ማቆም፤ ስልኩን ገልብጦ ማስቀመጥ፤ በአእምሮ የቀረውን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ። መልሶ ከማየት በፊት! ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 በጽሑፍ ንባብ ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህን መምረጥ ለምን እንደሚከብድ ያስረዳል። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ 81 በመቶውን አስታወሱ፤ አንዴ አንብበው ከዚያ በቃላቸው ለመጻፍ የሞከሩት 75። ከሳምንት በኋላ ግን መልሰው ያነበቡት ወደ 42 ወረዱ፤ የሞከሩት 56 ላይ ነበሩ። ዛሬ ማታ መልሶ ማየት ያሸንፋል፤ ፈተናው ዕለት ይሸነፋል። ተማሪው የሚያየው ግን የዛሬ ማታውን ነው፤ ስለዚህ መልሶ ማየቱን ይመርጣል፤ አይፈረድበትም።

ስለ ርዝመት አንድ ነገር ልበል፤ ሁሌ ስለሚነሣ። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን ተንትነው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ውጤት በየስልጠናው ይጠቀሳል፤ ቪዲዮው ቢረዝምም ቢያጥርም ተማሪ ቁጭ ብሎ የሚያየው ቢበዛ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። ጠቃሚ ነው። ይሁንና የተለካው የማየት ጊዜ ነው፤ መማር አልተለካም። ስድስት ደቂቃ ተመለከተ ማለት ስድስት ደቂቃ ተማረ ማለት አይደለም። ለእኔ ሪቻርድ ሜየርና ፖል ቻንድለር እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ሙከራ ይበልጥ ይነግረኛል። መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያስረዳ የ140 ሰከንድ አኒሜሽን ወስደው በ16 ቆረጡት፤ በየመሐሉ «ቀጥል» የሚል ቁልፍ አደረጉ። ቁልፉን ራሳቸው እየተጫኑ መጀመሪያ ያዩት ተማሪዎች ያወቁትን በአዲስ ጥያቄ ላይ መጠቀም ሲጠየቁ የተሻሉ ሆኑ። ፊልሙ አላጠረም፤ ባለቤት አገኘ እንጂ።

በእኛ አገር በማቆሚያውና በተማሪው መሐል ሌላ ነገር ይገባል፤ ጥቅሉ። የዳታ ጥቅሉ ሊያልቅ ነው ብሎ የሚሠጋ ልጅ ቪዲዮ አያቆምም፣ ወደ ኋላም አይመልስም፤ ቶሎ አይቶ መጨረስ ነው የሚፈልገው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ አውርዶ የሚመጣው ግን ማቆምም መመለስም ነጻ ይሆንለታል። ስለዚህ የትምህርት ቪዲዮ ሠሪዎች በቀላል መጠን ቴሌግራም ላይ ሲለቁ የሚያደርጉት ውለታ ከዋጋው ያልፋል፤ ማቆሚያውን ለተማሪው ያስረክቡታል። ኮሮና ገብቶ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትምህርቱ ወደ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ዞሮ ነበር። ያኔም ያመለጠው አመለጠው፤ ሥርጭት ለተማሪ አይቆምም።

ክፍል ውስጥስ? እ.ኤ.አ. በ2007 በኮሎራዶ በምትገኘው ዉድላንድ ፓርክ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን፣ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ፣ ለቀሩ ተማሪዎች ብለው ትምህርታቸውን መቅዳት ጀመሩ። ኋላ ማብራሪያው ቤት ይታይ፣ ሥራው ክፍል ውስጥ ይሠራ የሚል ስልት ሆኖ ዓለምን ዞረ። ከሁሉ ይልቅ የምወድላቸው ግን አንዲት ትንሽ ግዴታ ናት። ተማሪው ቪዲዮውን ማየቱን የሚያሳየው «አይቻለሁ» በማለት ሳይሆን ከቪዲዮው ጋር የተያያዘ፣ መልሱን የማያውቀው አንድ ጥያቄ ይዞ በመምጣት ነው። ጥያቄ የሌለው ተማሪ አላየውም ማለት ነው፤ ወይም አይቶታል ግን አልነበረም።

ስልቱ እንዳለ ወደ እኛ ይምጣ የሚል ሰው ቤት ስልክ የሌለውን ልጅ አላሰበም። በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር፣ ካልሆነም በመምህሩ ስልክ፣ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ግን ብዙ ነው። ከሁሉ ርካሹ ድምፁን ማጥፋት ነው። መምህሩ የአንድ ደቂቃ ተኩል የሙከራ ቪዲዮ ያለ ድምፅ ያሳያል፤ «አሁን እናንተ አብራሩልኝ» ይላል። ሁለት ሁለት ሆነው በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በተገኘው ቋንቋ ይከራከራሉ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን ለቅቆ እንግሊዝኛውን ያሰማቸዋል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ይህ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ሐሳቡን ቀድሞ የያዘ ሰው ቃሉን መከተል ይችላል፤ ቃሉንም ሐሳቡንም እኩል የሚያሳድድ ሁለቱም ያመልጡታል። «ቲቸር፣ ድምፁ ጠፋ እኮ!» ብሎ የሚጮህ ልጅ በመጀመሪያው ቀን አይጠፋም።

እዚህ ላይ ከቪዲዮ ያነሰች ቴክኖሎጂ ትምህርት ልስጥ ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1974 በኒካራጓ የስታንፎርድ ባለሙያዎች ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆነው ለገጠር ትምህርት ቤቶች ሒሳብ በሬዲዮ ማስተማር ጀመሩ። ሬዲዮው ይጠይቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ፤ ሬዲዮው መልሱን ይናገራል፤ ያልፋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልጁ ዝም የሚልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስልቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አገሮችን አዳርሷል፤ በኢትዮጵያም የአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ በሬዲዮ የተማሩ ልጆች ከሬዲዮ ጋር እየተመላለሱ አድገዋል። ያም ሬዲዮ እንደ ፕላዝማው ልጆቹን አይሰማቸውም ነበር። ልዩነቱ ዝምታው ላይ ነው፤ የሬዲዮው ሰዎች እያንዳንዷን ዝምታ የአንድ ሕፃን መልስ እንድትይዝ አድርገው ለክተው፣ ክፍል ውስጥ ሞክረው ነበር ያስገቧት።

ታዲያ ዛሬ በአማርኛ የሚያስተምሩት ቪዲዮ ሠሪዎቻችን ለምን አያስገቧትም? ስንፍና አይደለም። ዩቲዩብም ቲክቶክም የሚሸልሙት የማያቋርጥ ዕይታን ነው። ዝም ያለ ቪዲዮ የተበላሸ ይመስላል፤ ጣት ወደ ሌላው ያንሸራትታል። «አቁመህ ሥራው» ብሎ የላከው ተማሪ በዚያው ሌላ ነገር ከፍቶ ሊቀር ይችላል፤ ለተማሪው የሚበጀው ነገር ለቻናሉ ኪሳራ ነው። አንዳንዶች መሐሉን መንገድ ይዘዋል። ጥያቄውን ያነባሉ፣ «ቪዲዮውን አቁሙና ሞክሩ» ይላሉ፣ ግን ትንፋሽ ሳይወስዱ መልሱን መጻፍ ይጀምራሉ። ያቺን ትንፋሽ አሥር ሰከንድ ማድረግ፣ በአሥሩ ሰከንድ ውስጥም ስክሪኑ ላይ ጥያቄውን ብቻ ትቶ እጅን ማራቅ፣ ካሜራም ገንዘብም አይጠይቅም። ከዚያም ከፍ ሲል፣ መልሱን ቪዲዮው ውስጥ ጨርሶ አለማስገባትና በማግሥቱ በሌላ ቪዲዮ ማምጣት ይቻላል፤ እስከዚያ የቴሌግራሙ ግሩፕ በትክክለኛም በተሳሳተም መልስ ሲታመስ ያድራል። መምህሩ የሚቀጥለውን ቪዲዮ ከእነዚያ የተሳሳቱ መልሶች አንዱን ወስዶ ቢጀምረው ሙለር ተዋናይ አስገብቶ ያገኘውን በነጻ አገኘው።